ገጹ ትናንት ምን ይል ነበር?



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ደረቅ ነገር ነው፤ ስለ ክላውድ ዳታቤዝ መመሪያ ገጾች። "ይሄ ለእኔ ምኔ ነው?" ብላችሁ ከማለፋችሁ በፊት ግን አንድ አዛውንት ላስተዋውቃችሁ።

ወሩ ኅዳር 2017 ዓ.ም. ነው፤ ቦታው ቴፒ፣ የቡና መረከቢያ መጋዘን በር ላይ። አዛውንቱ ሁለት ጆንያ ጀንፈል በባጃጅ አስጭነው መጥተዋል። የመሬት ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው በብብታቸው ይዘዋል። እኔ ደግሞ ከሚዛን ተልኬ ላፕቶፔን ከፍቼ በሩ ላይ ተቀምጫለሁ። ሥራዬ ስማቸውን ፈልጌ፣ ማሳቸው ካርታው ላይ መኖሩን አይቼ፣ ቡናቸው "ከተመዘገበ ማሳ" ከሚለው ክምር እንዲገባ ማድረግ ነው። ስማቸውን ጻፍኩ፤ የለም። በአባታቸው ስም ሞከርኩ፤ የለም። በስልክ ቁጥር፣ በቀበሌ፣ የለም።

"ልጄ፣" አሉኝ፣ "አምና ዝናብ እየመታን አብረን አልዞርንም እንዴ? ኮረሪማው ጋ አዳልጦህ ስትወድቅ እጅህን ይዤ ያነሳሁህ እኔ አይደለሁም?"

እውነታቸውን ነው። ፊታቸውንም፣ ኮረሪማውንም፣ የወደቅኩበትንም ቦታ አስታውሳለሁ። ኮምፒዩተሩ ግን አያውቃቸውም። ቡናቸው ካልተመዘገበው ክምር ገባ፤ እዚያ በኪሎ የሚከፈለው ያንሳል። ብራቸውን ሁለት ጊዜ ቆጥረው፣ "እሺ፣ አላህ ያውቃል" ብለው ሄዱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እኔ ተወልጄ ያደግኩት ሚዛን ነው። ኮምፒዩተር የተማርኩትም እዚሁ፣ ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዚያ አንድ ቡና አቅራቢ ዘንድ ተቀጠርኩ። ሲቀጥሩኝ ሥራው "ዳታ" ነው ተባልኩ፤ የመጀመሪያው መኸር ላይ ግን ከኪቦርድ ይልቅ ቦቲ ጫማ ነበር የሚያስፈልገኝ። ምክንያቱ የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ሕግ ነው፤ ቁጥር 2023/1115። ሕጉ ሰባት ምርቶችን ይመለከታል፦ ከብት፣ ካካዋ፣ ቡና፣ የዘንባባ ዘይት፣ ጎማ፣ አኩሪ አተርና እንጨት። ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት የወጣ ምርት አውሮፓ አይገባም። ይህን ለማሳየት የእያንዳንዱ ማሳ መገኛ በቁጥር መያዝ አለበት። ከ4 ሄክታር የሚበልጥ ማሳ ዙሪያው በነጥቦች ይታጠራል፤ ከዚያ ለሚያንሰው አንዲት ነጥብ ትበቃለች። ኬክሮስና ኬንትሮሱ ግን ከነጥብ በኋላ ስድስት አሃዝ ሊኖራቸው ይገባል። ስድስተኛዋ አሃዝ መሬት ላይ ስትለካ 11 ሳንቲሜትር ገደማ ናት። (በቡናና በዋንዛ ጥላ ሥር የቆመ ስልክ 11 ሳንቲሜትር ቀርቶ 10 ሜትር በትክክል ቢነግረን አልሐምዱሊላህ እንላለን።)

የእኛ ገበሬዎች አብዛኞቹ ከ4 ሄክታር በታች ናቸው። አለቃችን ግን "ነገ ሌላ ነገር ቢጠይቁስ?" ብሎ የሁሉንም ማሳ ዙሪያ በእግር አዞረን። ከጥቅምት እስከ ጥር 2016 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በቴፒና በሚዛን ዙሪያ የ412 ገበሬ ማሳ ዞርን። ኔትወርክ የሌለበት ጫካ ውስጥ ስልካችን ይመዘግባል፤ ማታ ከተማ ስንገባ ወደ ክላውድ ይልካል። ክላውድ ማለት በቀላሉ የሌላ ሰው ኮምፒዩተር ነው። ሩቅ አገር ነው ያለው፤ እኛ ደግሞ በነፃው አገልግሎት ነበር የምንጠቀመው። የሚከፈልበት ነበር፤ ነገር ግን ዶላር የሚከፍል ካርድ ከየት ይመጣል? በኋላ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግማ ወሬውም ቀረ።

አሁን ወደ አዛውንቱ ስም ልመለስ። የት ሄደ?

መኸሩ ካለቀ በኋላ፣ ከየካቲት ጀምሮ፣ ዳታቤዙን የከፈተው ሰው አልነበረም። ቡና የለም፣ ምን ብለን እንክፈተው? አገልግሎቱ ለረጅም ጊዜ ያልተነካ ነፃ ፕሮጀክት ያቆማል። ይህን አውቅ ነበር፤ መመሪያውን ሥራ ስንጀምር አንብቤዋለሁ። የቆመ ፕሮጀክት ባለቤቱ በፈለገ ጊዜ ተመልሶ እንደሚከፈት ይል ነበር። መስከረም 2017 ላይ ልከፍት ስገባ ግን ያው ገጽ፣ ያው አርእስት፣ ያው ሥዕል፣ ሌላ ዓረፍተ ነገር ይዞ ጠበቀኝ። "በፈለገ ጊዜ" የሚለው ቀርቶ "በ60 ቀን ውስጥ" ሆኗል። 60ው ቀን ካለፈ ወራት ተቆጥረዋል።

ያኔ የመጀመሪያ ሐሳቤ "ተሳስቼ አንብቤ ነበር ማለት ነው" የሚል ነበር። ሁለት ቀን ራሴን ስወቅስ ቆየሁ። በሦስተኛው ቀን ዌይባክ ማሽን የሚባለው፣ የድሮ ድረ ገጾችን ቅጂ የሚያስቀምጠው ቤተ መዛግብት ትዝ አለኝ። የገጹን አድራሻ ሰጠሁት። የአምናው ቅጂ ወጣ። "በፈለገ ጊዜ" ይላል። አልተሳሳትኩም!

ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ለውጡ በኢሜይል ተነግሮ ኖሯል። አካውንቱን የከፈተችው ከእኛ በፊት የነበረች ልጅ ናት፤ በቢሮው ኢሜይል ነው የከፈተችው። እሷ ሥራ ለቃለች፣ ኢሜይሉን የሚያይ ማንም የለም። ድርጅቱን በስሙ የማልጠራው ለዚህ ነው። በነፃ የሰጠንን ነገር ደንቡን ቀየረ፣ ነገረን፣ እኛ አልሰማንም። ጥፋቱን ለማን እንደማካፍል እስካሁን አልወሰንኩም። አንድ ነገር ግን ቅር ይለኛል፦ ገጹ ራሱ መቀየሩን አይናገርም። ትናንት ሌላ ነገር ብሎ እንደማያውቅ ሆኖ ነው የሚያነጋግርህ።

ከየሠራተኛው ስልክና በጥር ወር አንድ ጊዜ ካወረድኩት ሰንጠረዥ የ375 ገበሬ መዝገብ መለስን። 37 ጠፋ። አዛውንቱ ከ37ቱ አንዱ ናቸው።

ልጅ ሆኜ መድረሳ ስቀራ፣ ኡስታዛችን ከኪታቡ ወደ ደብተር ካስገለበጡን በኋላ ሥራው አለቀ አይሉም ነበር። አንዱ ከኪታቡ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው በጣቱ ደብተሩን ይከተላል። አንዲት ነጥብ ከጎደለች ማቆም ነው። ሙቃበላ ይሉታል፤ ቅጂን ከእናት ጽሑፉ ጋር ማመሳከር። ያኔ ለቅጣት የተፈጠረ ይመስለኝ ነበር። የማደርገው ነገር በመጨረሻ ያው ሆነ፤ የኔ ሙቃበላ ግን በተገላቢጦሽ ነው። ቅጂዬ አይለወጥም፣ የሚለወጠው እናቱ ነው።

አሁን ሐሙስ ማታ ከዒሻ በኋላ፣ የሌሊት ጥቅል ገዝቼ፣ 14 ገጾችን አወርዳለሁ። ሥዕሉንና ማስታወቂያውን አራግፌ ጽሑፉን ብቻ እወስድና ካለፈው ሐሙስ ጽሑፍ ጋር በጊት አስተያያለሁ። ጊት የወጣውን ቃል በቀይ፣ የገባውን በአረንጓዴ ያሳያል። ብዙ ጊዜ ምንም የለም። አንዳንዴ ነጠላ ሰረዝ ተነስታ ነጥብ ትገባለች። አንዳንዴ የአገልግሎቱ ስም ይቀየርና መቶ ቦታ ላይ ቀይና አረንጓዴ ሆኖ ዓይኔን ያጠፋዋል፤ ውስጡ ግን ምንም የለውም። በየሁለት በየሦስት ወሩ ደግሞ አንዲት ቃል ትገኛለች።

ቃሏን ለማወቅ መጀመሪያ የነዚህን ሰዎች ቋንቋ ማወቅ ያሻል። ኢንተርኔትን የሚሠሩ መሐንዲሶች በማርች 1997 እ.ኤ.አ. ያወጡት አንድ አጭር ሰነድ አለ፤ ቁጥሩ 2119 ነው። በመግለጫ ውስጥ "ማስት"፣ "ሹድ" እና "ሜይ" የሚሉት ቃላት ምን ያህል ግዴታ እንደሚይዙ ይደነግጋል። የመጀመሪያው የግድ ነው። ሁለተኛው በቂ ምክንያት ከሌለህ አትተወው ነው። ሦስተኛው እንደ ፍላጎትህ። ፊቅህ የቀራ ልጅ ይህን ለመረዳት አስተማሪ አይፈልግም፤ ዋጂብ፣ ሙስተሐብ፣ ሙባሕ ማለት ነው፣ በደፈናው። የመመሪያ ገጾች ሁሉ ይህን ሰነድ በጥብቅ ይከተላሉ ማለቴ አይደለም። ግን አንድ ገጽ ላይ ትናንት ሙስተሐብ የነበረው ዛሬ ዋጂብ ሲሆን ካየህ፣ ከጀርባው አንድ ነገር ተፈጥሯል። አንድ ቀን የራስን ባክአፕ ማውረድ "ይመከራል" የሚለው ወደ "የግድ ነው" ተለውጦ አገኘሁ። ያን ሌሊት ሳልተኛ ሁሉንም አወረድኩ።

ሁሉም ለውጥ ክፉ አይደለም። ፋየርስቶር የሚባለው የጉግል ዳታቤዝ በአንድ ጥያቄ ከዝርዝር ውስጥ እስከ 10 እሴት ብቻ ነበር የሚቀበለው። በኋላ 30 ሆነ። ከውጭ ለሚያይ ምንም አይደለም። የእኛ ቀበሌዎች ግን 23 ናቸው፤ በሦስት ከፍዬ የምጠይቀው ነገር በአንድ ጥያቄ አለቀ። የሠላሳ መስመር ኮድ በደስታ ሰረዝኩ።

እዚያው ፋየርስቶር ላይ ያለ ሌላ ቁጥር ልንገራችሁ፤ ይቺን በጣም እወዳታለሁ። ነፃው አገልግሎት በቀን 50,000 ንባብ ይፈቅዳል። ብዙ ይመስላል አይደል? 412 ስም ያለበትን ዝርዝር አንዴ መክፈት 412 ንባብ ነው። ስድስት ሠራተኛ በቀን ሃያ ሃያ ጊዜ ቢከፍተው 49,440። በጠባብ ቀዳዳ አለፍን! ግን "ቀን" ማለት የማን ቀን ነው? ገጹ ላይ በትንሹ ተጽፏል፤ ኮታው የሚታደሰው በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ እኩለ ሌሊት ገደማ ነው። በእኛ ሰዓት ሲሰላ፣ በመኸራችን ትልቁ ጊዜ፣ ጠዋት 5 ሰዓት። እነሱ ሰዓታቸውን ወደፊት ሲገፉ ደግሞ 4 ሰዓት። እኛ ጋ ገበሬው ጆንያውን ይዞ የሚሰለፈው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ነው። ስለዚህ የጠዋቱ ግርግር የሚበላው የካሊፎርኒያን የትናንት ኮታ ነው፤ ትናንት ከሰዓት ብዙ ካነበብን ዛሬ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሰልፉ ፊት እንቆማለን። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ባላነብ ኖሮ ጥፋቱን ኔትወርኩ ላይ ነበር የማላክከው። ኔትወርክ እኮ ለሁሉም ነገር ይወቀሳል።

"ታዲያ እያንዳንዱ ድርጅት የለውጥ ዝርዝር ያወጣ የለም ወይ?" ያለኝ ጓደኛ አለ። ያወጣል። ነገር ግን በዝርዝሩ ውስጥ የሚገባው አውጪው ትልቅ ነው ያለው ለውጥ ነው። ከአማዞን ብዙ መመሪያዎች ጀርባ "የሰነዱ ታሪክ" የሚል ገጽ አለ፤ ዋና ዋና ለውጦችን ነው የሚዘረዝረው። አማዞን በአንድ ወቅት መመሪያዎቹን ጊትሃብ ላይ በአደባባይ አስቀምጦ ነበር፤ ማን መቼ የትኛዋን ቃል እንደነካ ማንም ማየት ይችል ነበር። በጁን 2023 እ.ኤ.አ. አብዛኞቹን መዝጋት ጀመረ። ከውስጥ ካለው ጽሑፍ ጋር እያመሳከሩ መያዙ አድካሚ ሆኖብናል ነው ያሉት። እውነት ሊሆን ይችላል። ሙቃበላ አድካሚ መሆኑን እኔም እመሰክራለሁ። ማይክሮሶፍት የአዙር መመሪያዎቹን እንዲህ በአደባባይ ሲያስቀምጥ ኖሯል፤ እዚያ የዳታቤዝ ገጽ ታሪክ መከታተል በጣም ቀላል ነው።

ትልልቆቹ ለውጦችማ ራሳቸው ይጮኻሉ። ሞንጎዲቢ ስልክ ላይ ያለ ኔት የተመዘገበን መረጃ ኔት ሲገኝ ከክላውድ ጋር የሚያገናኝ አገልግሎት ነበረው። በሴፕቴምበር 2024 እ.ኤ.አ. ሊዘጋው እንደሆነ አስታወቀ፤ በሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 ተዘጋ። ጫካ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ትልቅ ዜና ነው፤ ግን አንድ ዓመት ተሰጥቷል፣ ያልሰማ የለም። እኔን የሚያስፈሩኝ ያለ ጩኸት የሚገቡት ናቸው።

ይሄ ልማድ አንዴ ከያዘ አይለቅም። ሕጉን ራሱን እንዲሁ መከታተል ጀመርኩ። መጀመሪያ ትልልቅ ነጋዴዎች ላይ ተግባራዊ የሚሆነው ዲሴምበር 30 ቀን 2024 ነው ተባለ። ሊደርስ ቀናት ሲቀሩ አንድ ዓመት ተራዘመ። እሱም ሊደርስ ሲል እንደገና ወደ ዲሴምበር 30 ቀን 2026 ተገፋ፤ ለጥቃቅንና አነስተኞቹ ደግሞ እስከ ጁን 30 ቀን 2027። አዛውንቱ ኅዳር ላይ በር ላይ ሲቆሙ፣ ያቆማቸው ሕግ ቀኑ በዚያው ሰሞን ብራስልስ ውስጥ እየተገፋ ነበር። ይህን በኋላ ሳሰላው ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣብኝ።

ከራሴ ጥፋት አንዷን ሳልነግራችሁ አላልፍም። የተረፉትን 375 ወደ ሌላ ዳታቤዝ ሳዛውር፣ በነጋታው አለቃዬ ካርታውን ከፍቶ ጠራኝ። "ና እስቲ፣ ቡናችን አልጄሪያ ምን ይሠራል?" ሄጄ አየሁ። የቴፒ ማሳዎች በሙሉ አልጄሪያ ውስጥ፣ ኸንሸላ በምትባል ከተማ ዙሪያ፣ ተራራ ላይ ተተክለዋል። ነገሩ ቀላል ነበር። ፋየርስቶር ኬክሮስን ያስቀድማል፤ ሞንጎዲቢ የሚከተለው ጂኦጄሰን የሚባለው አጻጻፍ ኬንትሮስን ያስቀድማል። ቴፒ በ7 እና በ35 ዲግሪ ላይ ናት፤ ስትገለብጣት 35 እና 7 ሆና ኸንሸላ ትደርሳለች። ሁለቱም ገጾች ትክክል ናቸው፣ ሁለቱም በግልጽ ጽፈውታል። እዚህ ላይ የተለወጠ ቃል አልነበረም፤ ያላነበበ ሰው ነበር። ቢሮው ውስጥ እስከ ዛሬ "አልጄሪያዊው" ነው የምባለው።

ስለ 37ቱ አለቃዬ "በሚቀጥለው መኸር ሲመጡ እንመዘግባቸዋለን" አለ። እኔ ግን አልሆነልኝም። ሰዎቹ አንዴ ዞረዋል፣ ስማቸውን ሰጥተዋል፣ ደብተራቸውን አሳይተውኛል። አደራ ነበር። ፈቃድ ጠይቄ በየካቲት 2017 ቅዳሜና እሁድን በሞተር መሄድ ጀመርኩ። መጀመሪያ የሄድኩት አዛውንቱ ጋ ነው።

ቤታቸው ስደርስ ቡና ተፈልቶ ነበር። ምን እንደተፈጠረ እንዴት እንደምነግራቸው መንገድ ላይ ሳስብ ነው የመጣሁት፤ ክላውድ፣ ነፃ ፕሮጀክት፣ 60 ቀን። ቁጭ ብዬ እንዲህ አልኳቸው፦ "አባባ፣ መዝገቡን ሰው ቤት አስቀምጠነው ነበር። ሰውየው በፈለጋችሁ ጊዜ ውሰዱ ብሎን ነበር። በኋላ ቀን ወሰነ፣ እኛ አልሰማንም።"

ትንሽ ዝም አሉ። "ሲናገር ወረቀት አልያዛችሁበትም?"

"አልያዝንም።"

"እህ።" ስኒውን አስቀመጡ። "በል ተነስ፣ ሳይዘንብ እንዙር።"

ዞርን። ኮረሪማው ጋ ስንደርስ ከኋላዬ ክርናቸውን ዘርግተው ተከተሉኝ፣ እንዳልወድቅ። ሲያልቅ ስልኬን አሳየኋቸው፤ አረንጓዴው መስመር ተዘግቷል፣ ከአንድ ሄክታር ትንሽ ይበልጣል። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ፌስታሉን ፈትተው የመሬት ደብተሩን ከውስጡ ካለ ሌላ የተማሪ ደብተር ጋር አወጡና የተማሪውን ደብተር ሰጡኝ።

"እዚህ ጻፍልኝ።"

"ምኑን?"

"ስልክህ ውስጥ ያለውን።"

የማዕከሉን ነጥብ ጻፍኩላቸው፤ ስድስት ስድስት አሃዝ፣ ኬክሮሱን "ሰሜን"፣ ኬንትሮሱን "ምሥራቅ" ብዬ፣ አልጄሪያ እንዳይሄድ። የማዕዘኖቹን አስራ አንድ ነጥብ ከሥሩ ደረደርኩ። አንድ ገጽ ሞላ። የልጅ ልጃቸው፣ ስድስተኛ ክፍል የምትማር፣ መጥታ ከስልኬ ላይ አንድ በአንድ ጮክ ብላ አነበበች፤ እሳቸው ማንበብ ባይችሉም ጣታቸውን በየመስመሩ እያስኬዱ ይከተሉ ነበር። አራተኛው መስመር ላይ ልጅቷ ቆመች። "ዘጠኝ ነው የሚለው፤ ሰባት ጽፈሃል።" አየሁት። ሰባት ጽፌያለሁ። አርሜ ፈረምኩበት።

ከዚያ ወዲህ የምሄድበት ቤት ሁሉ ደብተር እጠይቃለሁ። ከ37ቱ 31ዱን ዞረን ጨርሰናል። አራቱ ማሳቸውን ለልጆቻቸው አካፍለዋልና ወሰኑ እስኪለይ እየጠበቅን ነው። ሁለቱ ከወንዝ ማዶ ናቸው፤ ድልድዩን ውኃ ወስዶታል፣ ሞተር አይሻገርም። ወንዙ ሲጎድል በእግር እሻገራለሁ፣ ኢንሻ አላህ።